የአቶ አራጋው ሁለተኛ ቁልፍ

ደሴ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ሰፈር፣ አንድ ሰው ነገሩን ከወገቡ ቆርጦ «ይኼው ይበቃል» ሲል ከተሰማ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስለዋለች። ከጥንት አልወረደችም። የተወለደችው በአንድ ሰርግ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቅያስ ነው። እናቷም አባቷም አንድ ቁልፍ ነው።

አቶ አራጋው ተሰማ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ ሲሸጡ መጀመሪያ የጠሩት ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህም ሌላ ሰው የጠራላቸውን ዋጋ አምነው አያውቁም። ዳቦ ሲገዙ ይከራከራሉ፤ ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጡ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜማ የጎረቤት ቀብር ላይ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹን «ሟቹ እኮ ቀጭን ነው» ብለው ዋጋ ሊያስቀንሱ ሲሞክሩ፣ ዕድርተኛው ለቅሶውን ትቶ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ሳቀ ይባላል።

እንዲህ ያሉት ሰው የቅንጦት መኪና ገዙ ሲባል ሰፈሩ አላመነም። ነገሩ የመጣው በልጃቸው በአንዱዓለም ነው። አንዱዓለም የኮምቦልቻዋን መስታወትን ወደደ፤ ሽማግሌም ተላከ። የመስታወት አባት አቶ ፈንታው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ሽማግሌዎቹን ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጄን እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ በኪራይ መኪና አታስወጡብኝ። ታላቅ እህቷን የወሰዷት በኪራይ መኪና ነበር፤ ሹፌሩ ሐረጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ‹ሰዓቴ አልቋል› ብሎ ከነቬሏ አወረዳት።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ሙሔ ነበሩ። ሐጂ ሙሔ አማኝ፣ ሰው ወዳድ፣ ለዕርቅ የተፈጠሩ ሰው ናቸው፤ ያስታረቁትን ባልና ሚስት ቁጥር ራሳቸውም አያውቁትም። «አብሽር! በአማቷ መኪና ትወጣለች» አሉ፣ አማቷ መኪና እንደሌላቸው እያወቁ።

አቶ አራጋው ይህን ሲሰሙ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ቃል ግን ቃል ነው፤ በእሳቸው ስም የተሰጠ ቃል ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ወርደው ሦስት ሳምንት ሲከራከሩ ቆዩና አንዲት ያገለገለች ጥቁር የጀርመን መኪና ይዘው መጡ። ዕድሜዋ ከሙሽራይቱ ብዙም አያንስም። ቢሆንም ወንበሯ ቆዳ ነው፣ አፍንጫዋ ያብረቀርቃል፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ባንክ ካዝና ድፍን ይላል። ሻጩ ሁለተኛዋ ቁልፍ ጠፍታበት ስለነበር፣ አቶ አራጋው ስለ ጠፋችዋ ቁልፍም አስቀንሰዋል። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ቁልፏን በመዳፋቸው ይዘው ገላመጧት። ፕላስቲኳ ተሰነጣጥቋል፣ ብረቷም ተበልቷል።

«አራጋው፣ ይቺ አንዲት ፍሬ ቁልፍ የሰርጉ ዕለት ብትጠፋ ሙሽራይቱን በምን ልታመጣት ነው? በጋሪ? ሁለተኛ አስቀርጽ።»

አቶ አራጋው አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ጋራዥ ደወሉ። ዋጋውን ሲሰሙ ስልኩን እንደያዙ የምስማር ካርቶን ላይ ተቀመጡ። በዚያ ዋጋ ጥማድ በሬ ይገዛል። «ቁልፉ ከነመኪናው ነው?» ብለው ጠይቀው ዘጉት።

ከዚያ ወደ ኑርልኝ ሄዱ። ኑርልኝ መናኸሪያው አጠገብ ቁም ሣጥን በምታክል ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ እጁ ደግሞ ወርቅ ነው። የመኪና ኮምፒውተር የምታነብ መሣሪያ ያለችውም በከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነበር። አሮጌዋን ቁልፍ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፦

«ጋሽ አራጋው፣ ይቺ ቁልፍ ሁለት ነገር ናት» አለ። «አንዱ ይኼ የሚታየው ብረት ነው። እሱ በር ይከፍታል፣ ይዞራል። ሁለተኛው ፕላስቲኩ ውስጥ ያለች የስንዴ ፍሬ የምታክል ቺፕ ናት። መኪናዋ ቺፗን ካላወቀቻት ሞተር አታስነሳም። ብረቱ ርካሽ ነው። ውዱ ቺፑና እሱን ከመኪናዋ ጋር ማስተዋወቁ ነው።»

የጠራው ዋጋ የአዲስ አበባውን ሲሶ አይሆንም ነበር። አቶ አራጋው ግን ሳቁ።

«ታዲያ እኔ ምስማር ስሸጥ ጫፉ ላይ መልአክ አለ ብዬ ላስወድድ? የማይታይ ነገር አትሽጥልኝ ልጄ። ግማሹን እሰጥሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ግማሹ ቺፑ የሚገዛበት ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ ትንሽ ናት።»

«ግማሹን።»

«አይሆንልኝም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይከፍላል ወይ ይተዋል። አቶ አራጋው ግን ኑርልኝን በገንዘብ እንደማያሸንፉት ሲገባቸው በወግ ሊያሸንፉት አሰቡ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሐጂ ሙሔን ከፊት አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ኑርልኝ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ቆሙ።

ኑርልኝ ሲያያቸው ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። ሽማግሌ ደጅ የሚቆመው ወይ ሴት ልጅ ሊጠይቅ ነው፤ እሱ እህት የለውም። ወይ ደም ሊያደርቅ ነው። በልቡ ማንን እንዳስቀየመ መቁጠር ጀመረ።

«አባቶቼ፣ ምነው በደህና? ኧረ ተቀመጡ!»

«የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሙሔ እንደ ወጉ። «ለቁልፍ ነው የመጣነው።»

«ለየትኛዋ ቁልፍ?»

«ለአራጋው ቁልፍ። አንተ አንድ ብለሃል፣ እሱ ግማሽ ብሏል። በመካከላችሁ ቅሬታ እንዳይገባ።»

ኑርልኝ ሳቁ መጣበት፤ ግን ሽማግሌ ፊት አይሳቅም። ለእነሱም ስለ ብረቱና ስለ ቺፑ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ሐጂ ሙሔ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። የሐጂ ዘዴ ለድንበርም፣ ለውርስም፣ ለኩርፊያም አንድ ነው፦ የሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፣ መሐሉን ይሰነጥቃሉ፣ ይመርቃሉ። በዚህ ዘዴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተሳሳቱም።

«ገባኝ» አሉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ግማሹን ለእኛ ለሽበታችን ተውልን።»

ኑርልኝ ግራ ቀኝ አየ። ጎረቤት ነጋዴዎች ከየሱቃቸው አንገታቸውን አስግገዋል። ሦስት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁሞ እምቢ ያለ ልጅ ከነገ ጀምሮ በዚያ ሰፈር ቁልፍ አይቀርጽም።

«እሺ ሐጂ። ግን ግማሹን ዋጋ ከተቀበልኩ የምሠራው ግማሹን ነው። ብረቱን እሠራለሁ። ቺፕ አይኖራትም።»

የሐጂ ሙሔ ፊት ወገግ አለ።

«አያችሁ! የጨዋ ልጅ ማለት ይኼ ነው! እሱም ግማሽ ለቀቀ፣ አራጋውም ግማሽ ለቀቀ። አላህ እጅህን ይባርከው!»

«አሚን!»

«ሞተር ግን አታስነሳም፣ ሐጂ።»

«እንጀራህን ያስፋው!»

«አሚን!»

«ለበር ብቻ ናት…»

«ክፉ አይንካህ!»

«አሚን!» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ጎረቤት ነጋዴዎቹም ጭምር። ኑርልኝ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናገረ፣ ሦስት ጊዜም ተመረቀ። ሽማግሌዎቹም ወጋቸው ደርሷልና ተቀመጡ።

ቁልፏ በማግስቱ ደረሰች። ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ከአሮጌዋ በእጥፍ የምታምር ነበረች። ኑርልኝ ሲያስረክብ ለአራተኛ ጊዜ «ቁልፍ ውስጥ ተረስቶ መኪናዋ ብትቆለፍ ይቺ ታስገባዎታለች፤ ሞተር ግን አታስነሳም» አለ። አቶ አራጋው እየተራመዱ «ሰማሁ ሰማሁ» አሉ። አዲሷን ከአሮጌዋ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አስገቧትና በአሮጌዋ ነድተው ቤታቸው ገቡ።

ከበራቸው ሲደርሱ ግን ሰይጣን ኮረኮራቸው። ሞተሩን አጠፉ፤ አዲሷን ሰኩ፤ አዞሩ። ሞተሩ ምንም ሳያንገራግር ተነሣ።

አቶ አራጋው መሪውን ይዘው ብቻቸውን ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሞተሩን አጥፍተው ደገሙት፣ ሠለሱት። ተነሣ።

«ደብሪቱ! ነይ ስሚ! ቺፕ የለም ያለኝ ቁልፍ!»

«ልጁ አታስነሳም ብሎህ የለ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመው።

«ነጋዴ ነዋ! እኔስ ‹ይኼ ቆርቆሮ የመጨረሻዬ ነው› እል የለ? ግማሽ ከፍዬ ሙሉ ቁልፍ ወሰድኩ!»

ይህን ታሪክ በዕድር አወሩት፣ በሱቅ አወሩት፣ ለቅሶ ቤት አወሩት። ሁለቱ ቁልፎች ግን እንደተጋቡ አንድ ቀለበት ላይ፣ ጎን ለጎን እየተንቀጫቀጩ ሰነበቱ።

የሰርጉ ዕለት ደረሰ። አቶ አራጋው ለሹፌር ላለመክፈል ራሳቸው እየነዱ፣ ልጃቸውንና ሚዜዎቹን ጭነው፣ ኻያ መኪና አስከትለው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። የአቶ ፈንታው ቤት ያለበት ቅያስ በሁለት ግንብ መካከል የተዘረጋ ዳገት ነው፤ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። ጥቁሯ መኪና መሪ ስለሆነች ከሁሉ ፊት፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርጋ ቆመች። ሌሎቹ ከኋላዋ እንደ መቁጠሪያ ተደረደሩ።

በሩን የዘጉት የሙሽራዋ አክስት እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸውም ቁርጥ ያሉ ሴት ናቸው።

«በእኛ ቤት ወግ በር የሚከፈተው በሙክት ነው» አሉ ጽኑ ድምፅ አውጥተው። «ሙክቱ የት አለ?»

ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩ፤ አልሆነም። አቶ አራጋው ከመኪናቸው ወረዱና ዶሮ አሉ። ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ። ሁለት ዶሮ አሉ። አንዱዓለም በላብ ተጠምቆ «አባዬ፣ በናትህ» አላቸው።

«እሺ፣ ሙክት! ነገ አመጣለሁ!»

«መያዣውን ይስጡኝና ይግቡ» አሉ እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው።

አቶ አራጋው እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ቁልፎቹ ተንጫጩ። ያን ጊዜ የነጋዴ ጭንቅላታቸው ብልጭ አለ። ሁለት ቁልፍ አለኝ። አንዷን ባስይዝ ምን ይጎድለኛል? ሙክቱም ይቀራል፣ መንገዱም አይቀር። አሮጌዋን፣ የተሰነጣጠቀችዋን፣ ከቀለበቱ ፈተው ሰጡ። አዲሷ ለሙሽራ ታምራለች ብለው አስቀሯት። እትዬ አስካለ ያቺን አሮጌ ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጓሮ ሄዱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ተበላ፣ ተጨፈረ። መስታወት የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ደጁን ተሻገረች። ተመርቃ የወጣች ሙሽራ ያን ዕለት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ አትገባም፤ ገደቢስ ነው ይባላል። የጥቁሯ መኪና በር ተከፍቶላት ከአንዱዓለም ጎን ተቀመጠች። በሩ ድፍን ብሎ ተዘጋ። ካሜራ የያዘው ሰው «ሂዱ!» አለ።

አቶ አራጋው አዲሷን ቁልፍ አዞሩ።

መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ ሬዲዮው ዜና ማንበብ ጀመረ። ሞተሩ «እህ… እህ…» አለና ዝም አለ።

ደግመው አዞሩ። እህ… እህ… ዝም። ነቅለው በሸሚዛቸው ጠርገው ሰኩ። ቢስሚላህም በስመ አብም አሉ፤ ወሎዬ ናቸውና በሁለቱም ይሞክራሉ። ዝም። ከኋላ ኻያ ጡሩንባ አንድ ላይ ጮኸ። ሚዜዎቹ ወርደው ገፉ፤ ግን ዳገት ነው፣ መኪናዋም አውቶማቲክ ናትና ተገፍታ አትነሳም። ወደ ጎን እንዳትወጣ ግንብ፣ ወደ ኋላ እንዳትመለስ ኻያ መኪና። ሙሽራይቱ እንዳትወርድ ወግ።

ስልካቸው ጮኸ። ደብሪቱ ናቸው።

«ወጣችሁ? እንግዳው ሞልቷል!»

«ወጥተናል።»

«የት ደረሳችሁ?»

አቶ አራጋው በመስኮቱ የአቶ ፈንታውን በር አዩ። «እዚሁ… በሩ አካባቢ» አሉ።

አቶ ፈንታው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው መጡና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«አቶ አራጋው፣ የኪራዩ ሹፌር እኮ ቢያንስ ሐረጎ ድረስ አድርሷት ነበር።»

ይህስ ይቻል ነበር። የአቶ አራጋውን አንጀት የቆረጠው ግን ሙሽራይቱ መስታወት የታየችበት የመኪናዋ የኋላ ማያ መስተዋት ነው። ከኋላ ወንበር፣ በቬሏ ውስጥ፣ ላቧና እንባዋ አንድ ላይ ጉንጯ ላይ ያለውን ፓውደር እያረሰ ሲወርድ አዩ። አቶ አራጋው የሰርጉ ነገር ከተነሣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ፤ ከልባቸው አፈሩ። ይቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምታስታውሰው ቀን እሳቸው ላተረፏት ግማሽ ዋጋ መያዣ ሆኗል።

«አባዬ፣ አሮጌዋን ቁልፍ ስጠኝ» አለ አንዱዓለም።

«አሮጌዋ… በመያዣ ናት።»

ከሁለተኛው መኪና ውስጥ የነበሩት ሐጂ ሙሔ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ወደ ኑርልኝ ደወሉና ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ አደረጉት።

«ልጄ ኑርልኝ፣ ያቺ ቁልፍ እንቢ አለች። ሳምንት ሙሉ ስታስነሳ ከርማ!»

ኑርልኝ መልሶ ጠየቃቸው።

«ሐጂ፣ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ቀለበት ላይ ነበሩ?»

«አዎን።»

«እንግዲያ አሮጌዋ ናት ስታስነሳ የከረመችው። አጠገቧ ስለምትንጠለጠል መኪናዋ የአሮጌዋን ቺፕ ታውቅ ነበር። አዲሷ አዞረች እንጂ አላስነሳችም። ነግሬያችሁ ነበር፤ እናንተ ‹አሚን› አላችሁ።»

አቶ አራጋው በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ስልኩ ጮኹ፦ «ልጄ ኑርልኝ! ቺፑን አስገባላት! በሙሉ ዋጋህ!»

አሁን የቀሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ሽማግሌዎቹ በልምዳቸው ሄደው ደጃቸው ቆሙ። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ቋጠሮ በእጃቸው ጨብጠው ብቅ አሉ።

«ቁልፉን ሰጥቼ ሙክቴን ነገ ልጠብቅ? ዶሮ ሲጠሩልኝ የሰማሁ እኔ? መጀመሪያ ሙክቴ።»

ሐጂ ሙሔ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ እህቴ፣ አንቺም ሙክት ብለሻል፣ እሱም ዶሮ ብሏል፤ ግማሹን…»

«ሐጂ!» አሉ አቶ አራጋው ከኋላቸው እየሮጡ። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይሰንጥቁ!»

ከዚያ በሙሉ ልብሳቸው፣ አበባቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ፣ በኮምቦልቻ ፀሐይ በእግራቸው ወደ በግ ተራ ገሰገሱ። የሰባ ሙክት አዩ፤ ዋጋ ጠየቁ፤ ሻጩ ጠራ። አፋቸው በልማዱ ተከፈተ። ያን ጊዜ የጡሩንባው ጩኸት ከሩቅ መጣ። አፋቸውን ዘጉና የተጠራውን ከፈሉ። ሻጩ ብሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አንድ በአንድ አየው፤ እውነተኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ደግሞ አርክሼ ሸጥኩ ብሎ ሲቆጭ ዋለ።

አቶ አራጋው ሙክቱን እየጎተቱም እየተጎተቱም በኻያው መኪና ጎን አለፉ። ሰርገኛው በየመስኮቱ ሆኖ ያያል። እትዬ አስካለ ሙክቱን ላቱን ዳበስ አድርገው አዩና ቋጠሯቸውን ፈቱ። ያቺ የተሰነጣጠቀች ቁልፍ ገብታ ስትዞር ሞተሩ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። መስታወት ሳቀች፤ እልልታው ቀለጠ፤ አቶ አራጋው ደግሞ መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው «ተመስገን» አሉ።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ከቅያሱ መውጣት ሲጀምሩ መውጫው ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ የባጃጅ ሹፌር ወርዶ ሐጂ ሙሔን አገኛቸው። ሐጂ መኪናቸው እስኪደርስ ግንቡን ተደግፈው ለብቻቸው ቆመዋል፤ ለምርቃት የዘረጓቸውን መዳፎች ያያሉ።

«አባባ፣ ምን ሆኖ ነው መንገዱ የተዘጋው? አደጋ ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

ሐጂ ሙሔ መዳፋቸውን አጥፈው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «የለም ልጄ፤ ግማሽ ቁልፍ በር ከፍቶ መንገድ ይዘጋል» አሉት።